መጀመሪያ የሚወርደው

እሁድ ከቀትር በኋላ፣ ዴይራ፣ ከሻንጣ ሱቁ በላይ፣
ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች፣ መስኮቷ ግድግዳ የሚያይ፣
ኤሲው ባልዲ ላይ የሚያንጠባጥብባት ክፍል ውስጥ፣
አሥራ አንድ ነን፤ ከወንበር የተረፈው ካርቶን ላይ የሚቀመጥ።
ሱዳናዊው መምህር፣ ሙታዝ፣ ነጭ ሰሌዳውን ጠርጎ
«ሎጂስቲክስ» ብሎ ይጽፋል፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አድርጎ።
እኔ ትርንጎ፣
ስድስት ዓመት የሰው ቤት፣ አራት ዓመት መጋዘን፣
ባርኮድ በሽጉጥ ስተኩስ፣ የማላውቀውን ሰው ዕቃ ስመዝን፣
የእቁብ ተራዬን ከዘሃራ ለውጬ፣ ቀድሜ በመቀበል
ይህችን ወንበር ገዛሁ፤ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ድርሃም፣ በሦስት ጊዜ የሚከፈል።

ዘሃራ ስቃብኛለች።
«በሠላሳ ስምንት ዓመትሽ ፊደል ልትቆጥሪ?» ብላለች።
አልመለስኩላትም። ጠዋት ሣጂ፣ አለቃችን፣
ከእኔ ኋላ የመጣውን ልጅ፣ ባለ ወረቀቱን፣ ከላያችን
ሲሾመው አይቻለሁ። ፎርክሊፍቱ የት እንደሚቆም
ያሳየሁት እኔ ነኝ። አልከፋኝም። አይ፣ ከፍቶኛል። ቢሆንም
ልፋት ብቻውን አያስሾምም፤ ወረቀትን የሚረታ
ወረቀት ነው። ይኸው መጣሁ፤ ቀን ቆሜ፣ አጥንቼ ማታ፣
ከጀበል አሊ በአውቶቡስ፣ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣
የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛ ፊደል ኅዳጉ ላይ አስጠግቼ፦

«ሊድ ታይም»፦ ከታዘዘበት ቀን እስኪደርስ ድረስ ያለው ዕድሜ።
(የእኔስ ስንት ነው? አሥር ዓመት፤ ገና መንገድ ላይ ነኝ ቆሜ።)
«ሴፍቲ ስቶክ»፦ ለክፉ ቀን ተብሎ የሚቀመጥ ትርፍ።
(ከፍራሼ ሥር አለ፤ ሁለት መቶ ድርሃም፤ ለወር የማይተርፍ።)

ዕቃ በእጄ ያልፋል፦ ለሞምባሳ ጎማ፣ ለበርበራ ሩዝ፣ ለጅቡቲ ብረት፤
«ጅቡቲ» የሚል ሳይ እጄ ይዘገያል፤ ከዚያ ወዲያ ነው የእኛ መሬት።

በሐምሌ መጨረሻ፣ አስፋልቱ የጫማ ሶል በሚያቀልጥበት፣
ለፈተና ተቀመጥን። ጥያቄ አሥራ ዘጠኝ፦ አንድ ተሳቢ፣ ሦስት ከተማ፣ ሦስት ዓይነት ጭነት፤
ብረት፣ ብርጭቆ፣ ምንጣፍ። «አጫጫኑን በቅደም ተከተል ጻፍ» ይላል።
ቀመሩ ጠፋኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ና ቢሉት ይኮበልላል።

ያን ጊዜ አባቴ መጣ፤
ሸራውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ከኤንትሬው ጋቢና ወጣ።
አሥራ ሰባት ዓመት ረዳት፤ ከአሰብ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ አሰብ፣
መሪ ሳይጨብጥ ያረጀ፣ ገመድ ብቻ ሲስብ።
«ስሚ» ይለኝ ነበር፣ ጠጠር ደርድሮ በመሬት፣
«መጀመሪያ የሚወርደው መጨረሻ ይጫናል። ከታች ብረት፤
ኋላው ከከበደ መሪው ይቀልና ቁልቁለት ላይ ታያለሽ ጉድ።
ብርጭቆ በምንጣፍ መሃል። ከሁሉም በላይ ግን ገመድ!»
ያ መንገድ የተዘጋ ዓመት ሸራው የቤታችን ጣሪያ ሆነ፤
እሱም ከሥሩ ተቀምጦ፣ ዝናቡን ሲቆጥር ባከነ።

ጻፍኩት። እንደ ነገረኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ።
ስሙ የእኔ ነው፤ መልሱ ግን የዚያ ረዳት፣ የዚያ መንገደኛ።

ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፦ ሰባ አንድ። አላቅራራሁም።
ሣጂ ወረቀቱን ገልብጦ አየ። «ጥሩ ነው» አለ። ሌላ አልሰማሁም
እስከ ጥቅምት። በጥቅምት አዲስ መታወቂያ፦ «የፈረቃ ተቆጣጣሪ»፣
ስሜ «ትሪንጎ» ተብሎ። ሦስት መቶ ድርሃም ጭማሪ።
ዘሃራ በሳምንቱ ደብተሬን ጠየቀችኝ። «ለሌላ አይደለም» አለች፣
«ፊደሉ እንዳይጠፋኝ ብዬ ነው።» ከትራሷ ሥር ግን አሳደረች።

ደወልኩለት። አንዱ ጆሮው አይሰማም፤ ስልኩን ወደ ሌላው አዛወረው።
«አለቃ ሆንኩ፣ አባባ። የሚጫን የሚወርደው በእኔ ቃል ነው።»
ዝም አለ፤ ገደል አፋፍ ላይ ጎማ እንደሚያዳምጥ ሰው።
ከዚያ፣
«እና አሁን» አለኝ፣ «ሸራውን የሚያስረው ማነው?»